ስቶክሆልም ድረስ የሄድኩበት ለቅሶ

የእድራችን ሴቶች፣ «ፈረንጅ አገር እንዴት ነበር?» እያላችሁ በየመንገዱ ስታስቆሙኝ እግሬ አለቀ። አንዴ ልናገረውና ልረፍ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የማወራው እኔ፣ የሚጽፈው የእድራችን ጸሐፊ አቶ ሙሉጌታ ነው። ቃል ማሳመር ይወዳል። ያማረ ነገር ካገኛችሁበት የሱ ነው፤ የተንጋደደው የኔ ነው።

ሰኞ ለት ደረስኩ። ከደብረ ብርሃን ስነሳ ሽሮና በርበሬ በሁለት ከረጢት እኩል አድርጌ ነበር፣ አንዱ ለልጄ ለተስፋዬ፣ አንዱ ለልጄ ለመሠረት። ሁለቱም ስቶክሆልም ነው የሚኖሩት። አውሮፕላኑ ላይ የሰኔ ጾም ነው ብዬ ምግቡን ስመልስ፣ አስተናጋጇ ልጅ ሄዳ ሄዳ ሙዝና ደረቅ ዳቦ አመጣችልኝ። «ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልበላም» ስላት «በየት አገር ዘጠኝ ሰዓት?» አለችኝ። ደነገጥኩ። እውነቷን ነው፣ ሰማይ ላይ ሰዓት የማን ነው? መርቄያት በላሁ።

አርላንዳ የሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ተስፋዬ ብቻውን ቆሟል።

«እህትህስ?»

«ሥራ ናት፣ እማዬ።»

ቬሊንግቢ የሚባል ሰፈር ነው ቤቱ። ሱቁ አለ፣ ፏፏቴው አለ፣ አበባው አለ፤ ድምፅ የለም። ሰው ሁሉ ቀብር የሄደ መስሎኝ «ማነው የሞተው?» አልኩት። ሳቀብኝ። ሊፍት ውስጥ ገብቼ «እንደምን ዋላችሁ» አልኳቸው፤ ሦስት ሰዎች ግድግዳውን አዩት። ደግሞ ፀሐይዋ። ራት በላን፣ ጸሎት አደረስኩ፣ ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ ቁጭ። «እንግዳ መጣ ብላ ነው እንዴ የማትሄደው?» ብዬ መጋረጃውን ዘጋሁባት።

ማክሰኞ «ወደ መሠረት ውሰደኝ» አልኩት። ዝናብ ነው አለኝ። ዝናብ ነበር፣ አልዋሸም። ግን የደብረ ብርሃንን ውርጭ የለመደች ሴትዮ ዝናብ ያግዳታል? አስር ጊዜ ብጠይቀው አስር ጊዜ ስለ ሌላ ነገር አወራኝ። የሆስፒታል ወጥ ቤት ነው የሚሠራው፤ ስለ ድንች ብዙ ያውቃል።

ረቡዕ ወሰደኝ። አልቢ ነው መሠረት የምትኖረው፣ ከተማውን ከዳር ዳር ሰንጥቆ፣ ውሃ ላይ የተሠራ ድልድይ ተሻግሮ። ፎቁ ከፎቅ ተደግፎ የቆመበት፣ ግን የሰው ድምፅ ያለበት ሰፈር ነው፤ ሶማሌው፣ ቱርኩ፣ የኛ ሰው፣ ሁሉም በረንዳ ላይ ነው። ደስ አለኝ። ተስፋዬ መኪናውን አቆመ፣ አንዱን ከረጢትና ሻንጣዬን አውርዶ ደጃፉ ላይ አስቀመጠ፣ ደወሉን ተጫነልኝ። ዘወር ስል መኪናው ሄዷል።

ልጄ ነው። እህቱ በር ላይ እንደ ፖስታ ጥሎኝ ሄደ። ክው አልኩ።

በሩን የከፈተልኝ የመሠረት ባል ሐጎስ ነው። የመቀሌ ልጅ ነው ሐጎስ። ሠርጋቸውን በፎቶ እንጂ በአካል አላየሁም፤ እሱንም በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሻንጣውንም ከረጢቱንም ተሸከመ፣ ሶፋው ላይ አስቀመጠኝ፣ ቆይቶ ሙቅ ውሃ በሳፋ ይዞ መጣ። «ከመንገድ ነው የመጡት፣ እማማ» ብሎ ጫማዬን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። አውቶቡስ ሲነዳ ውሎ የገባ ሰው ነው'ኮ። «ተው ልጄ፣ እዚህ አገር እግር የሚያጥብ የለም» አልኩት። «የኛ ቤት አለ» አለኝ። ምንም አልጠረጠርኩም። እንዲያውም «አማች እንዲህ ነው» ብዬ ተዝናናሁ።

እሱ ከተኛ በኋላ መሠረትን ማድ ቤት ያዝኳት።

«ወንድምሽ ለምን አይገባም?»

መጀመሪያ ሳህን አጠበች። የታጠበውን ሳህን ደግማ አጠበች።

«የሐጎስ እናት ያረፉ ጊዜ ለቅሶ አልመጣም» አለችኝ።

አቶ ሙሉጌታ፣ እዚህ ጋ እጅህን አሳርፍ። እናንተ የእድር ሰዎች ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በጦርነቱ ጊዜ ነው። መቀሌ ስልክ ተቋርጦ፣ ሐጎስ የእናቱን ሞት የሰማው ከተቀበሩ ከሳምንታት በኋላ ነው። እዛች ሶፋ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠ። የአልቢ ሶማሌዎች መጡ፣ የሥራ ጓደኞቹ ፈረንጆቹ አበባ ይዘው መጡ። ከቬሊንግቢ የሚመጣው ወንድሟ አልመጣም። በዛው ሳምንት ሰልፍ ወጥቶ፣ ስልኩን ፊቱ ላይ ደግኖ ስለ «እነሱ» ሲናገር ሐጎስ እዛችው ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ በስልኩ አየው።

«እኔስ ዝም አልኩ መሰለሽ?» አለች መሠረት። «የመለስኩለትን ብነግርሽ ልጄ ነሽ አትይኝም።»

«በስልክ ስትደውሉልኝ 'ተስፋዬም አጠገቤ ነው' ትይኝ አልነበር?»

«እሱም 'መሠረት አጠገቤ ናት' ይልሽ አልነበር?»

አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለቱም በአንድ ቃል ሲያታልሉኝ። ለዚህ ብቻ ነው የተስማሙት።

ተኝቼ አሰብኩት። ለሁለት ሳምንት ነው የመጣሁት። ዕድሜዬ ሌላ ስቶክሆልም ያሳየኛል ብዬ አልመካም። ሳላስታርቃቸው ብመለስ፣ እኔ ስሞት ማን ለማን ነው የሚደውለው? አንዱ ሬሳ ቤት፣ አንዱ ሰልፍ ሊሄድ ነው?

ሐሙስ ልብስ ላጥብ ብዬ ሌላ ጉድ ፈላ። እዚያ አገር ፎቁ ስር ትቬትስቱጋ የሚሉት የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ። ባዶ አገኘሁት፣ ገባሁ፣ አጠብኩ፣ አሰጣሁ። ስመለስ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ። ጎረቤቶቹ የእንኳን ደህና መጣሽ የጻፉልኝ መስሎኝ አጥፌ መቀነቴ ውስጥ ከተትኩት። ማታ መሠረት ስታነበው ፊቷ ቀላ። ለካ እያንዳንዱ የሚያጥብበት ሰዓት አለው፤ የጎረቤቷን የአሮጊቷን ፈረንጅ ሰዓት ነው የወሰድኩት። «ታዲያ በሩን አንኳክታ አትናገረኝም?» ስላት «እዚህ በወረቀት ነው የሚጣሉት» አለችኝ። የሚገርም አገር፤ በአፍ የማይናገሩትን በወረቀት፣ ልጆቼ ደግሞ በአፍ የማይባባሉትን በስልክ።

አርብ ነው መነኩሴውን ያገኘሁት።

ከመሠረት ጋር ወደ አልቢ የሚመጣው የምድር ውስጥ ባቡር ውስጥ ገባን። አንድ ሰውዬ፣ ጸጉሩን የተላጨ፣ ቢጫ ልብስ የተጎናጸፈ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ቆሟል። የኛ ባሕታውያን ቢጫ አይደል የሚለብሱት? መልኩም ጠይም ነው። ልቤ ዘለለ። «አባቴ፣ ይባርኩኝ» ብዬ ከጉልበቱ ዝቅ አልኩና መስቀል ያሳልሙኛል ብዬ እጁን ያዝ ላደርግ ስል፣ ሰውዬው እንደ ፍም እንደነካው ሰው ወደ ኋላ አለ። ባቡሩ ተንገጫገጨ፣ እኔ ተደፋሁ። አንድ ንቅሳታም ጎረምሳ አነሳኝ። ባቡሩ ሙሉ ሰው ሁሉ የሚያየውን አጥቶ ስልኩን አየ።

መሠረት መሬት ብትዋጣት በወደደች። በስዊድንኛ አወሩ። ለካ የቡድሃ መነኩሴ ነው፣ ከስሪ ላንካ። ሴት አይነካም። የኛስ መነኮሳት ይነካሉ እንዴ? ጥፋቱ የኔ ነው። እጆቹን ደረቱ ላይ ገጥሞ ይቅርታ የሚጠይቀው ግን እሱ ነው። ኡፕላንድስ ቬስቢ የሚባል ቦታ ትንሽ ቤት ገዳም አላቸው፣ ከፈለጉ ማክሰኞ ይምጡ አለ። ለሌላ ሃይማኖት መነኩሴ መስገዴን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ ሳቁ፣ ቀጥሎ ስግደት ጨመሩልኝ።

ማክሰኞ ፔንደል በሚሉት የሩቅ ባቡር ወደ ሰሜን ሄድን። መሠረት ያን ቀን ከአረጋውያን እንክብካቤ ሥራዋ አርፋለች። እኔ ምስር ወጥ ሠርቼ ይዣለሁ፤ ወደ ገዳም ባዶ እጅ አይኬድም። ቤቱ የማንም ቤት ይመስላል፣ ፖም ዛፍ አለው፣ ሣር ማጨጃ ማሽን ደጁ ቆሟል። ጫማ አውልቀን ገባን። ሦስት ናቸው መነኮሳቱ። ምግቡ ምስር ነው፣ ሩዝ ነው፣ ቃሪያው የኛን ያስንቃል፣ ሥጋም ቅቤም የለውም። ሙሉ ለሙሉ የጾም። ደስ ብሎኝ ሳይ፣ ከቀትር በፊት ነው የሚበሉት፤ ከቀትር በኋላ እስከ ማግሥቱ አይበሉም። እኔ ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልበላም። እነሱ ሲበሉ እኔ አየኋቸው፣ እኔ ስበላ እነሱ አዩኝ። እንዲህ ያለ ግብዣ አይቼ አላውቅም።

በመሀል ባለው ሰዓት ነው ወሬው የመጣው። መሠረት ናት የምታስተረጉመው። አዛውንቱ መነኩሴ፣ ያ ባቡር ውስጥ ያገኘሁት፣ ምን እንዳሳሰበኝ ጠየቀኝ። ልጆቼ መጣላታቸውን ነገርኩት። በኛ አገር ጦርነት እንደነበረ፣ ልጆቼም ሳይተኩሱ እንደተዋጉ።

«እኛም አገር ብዙ ዓመት ጦርነት ነበር» አለ። «ቡድሃ አትግደል ብሏል። ግን ቢጫ ለብሰው ጥላቻ የሰበኩ መነኮሳት ነበሩ፤ ወታደር የባረኩ። እኔ አንዱ ነበርኩ።»

ተርጉማው ስትጨርስ ቀና ብዬ አየሁት። ያን የሚያህል ጸጥ ያለ ሽማግሌ፣ ጉንዳን እንዳይረግጥ መሬት መሬት የሚያየው።

«ታዲያ ምን አደረጉ፣ አባ?»

«ካለቀ በኋላ ወደ እነዛ ሰዎች መንደር ሄድኩ። ልጇ የሞተባት አንዲት ሴት ደጅ ቆምኩ። አልከፈተችም። በማግሥቱም ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ውሃ ሰጠችኝ። ምን ብዬ እንደሰበክሁ ነገርኳት።»

«ይቅር አለችዎት?»

«አልጠየቅኋትም። የኔን ብቻ ነው የተናገርኩት። ይቅርታ የሷ ንብረት ነው።»

ቀጥሎ የነገረኝ ነው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣው። በጥንቱ ሕጋቸው፣ መነኮሳት ለሁለት ተከፍለው ሲጣሉና ጥፋቱ ከመብዛቱ የተነሳ አንድ በአንድ ቢቆጠር ጠቡ የሚብስ ከሆነ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ከዚህ ወገን አንድ ሽማግሌ ይነሳና የራሱንና የወገኖቹን ጥፋት ይናገራል፤ የዛኛውን አያነሳም። ከዛኛው ወገንም አንዱ ይነሳል፣ እንደዚሁ። ከዛ ይዘጋል። በሣር መሸፈን ይሉታል።

«ድመትም'ኮ ትሸፍናለች» አልኩ።

«እማዬ፣ ይሄን አልተረጉምም።»

«በይ እንጂ፣ ለሱ እንጂ ላንቺ አልተናገርኩም።»

ተረጎመችው። ሽማግሌው ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ልክ ናቸው» አለ፤ «የኛም አባቶች ያቺኑ ነው የመሰሉት። እየቆሰቆሱ ቢያገላብጡት ሽታው ያውካል፤ ስለዚህ ይሸፈናል።»

እኛ አገር ሽምግልና ስንቀመጥ ማን በደለ፣ ማን ተበደለ እያልን ከአያት ከቅድመ አያት እንጀምራለን አይደል? ሽማግሌው ራሱ እስኪጣላ። ይሄን ወደድኩት። ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ።

«ሰው የሞተበትስ? እሱም በሣር ይሸፈናል?»

«አይሸፈንም» አለ። «ትልቁ ጥፋት ከዚህ ውጭ ነው። ጠቡ ይሸፈናል፤ ያ ግን ራሱን ችሎ፣ በደለኛው ራሱ ሄዶ ነው የሚነገረው።»

በመልሱ ባቡር ልቤ ሞቅ ብሎ «አየሽ» አልኳት መሠረትን፣ «ወንድምሽ መጥቶ የራሱን ይናገር፣ አንቺም የራስሽን፤ እኔ መሀል እቀመጣለሁ።»

በመስኮቱ ውጭውን እያየች ቆየችና፣ «እማዬ፣ አንቺስ?» አለችኝ።

«እኔ ምን?»

«የሐጎስ እናት ያረፉ ጊዜ ደውዬ ነገርኩሽ። 'ነፍስ ይማር' አልሽና ስለ ጎመን ዘር ጠየቅሽኝ። 'ስልኩን ለሐጎስ ስጪው' አላልሽም። አጠገቤ ቆሞ ነበር። እጁን ዘርግቶ።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ቀን ድንጋጤ ምን እንደሆነ አወቅሁ። እስካሁን ደነገጥኩ ያልኳችሁ ሁሉ ጨዋታ ነበር። አስታወስኩት። ቤቴ ከጦርነቱ ሸሽተው የመጡ ዘመዶቻችን ሞልተው ነበር፤ እህቴ ልጇን አጥታ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። እሷ እየሰማችኝ ለአንድ የመቀሌ ሰው «እግዜር ያጽናህ» ልል? ፈራሁ። አፈርኩም። ሰው እንዳይሰማኝ ወደ ጎመን ዞርኩ። ከዛ ረሳሁት። ረሳሁት ነው የምላችሁ። የሰው እናት።

እሱ ደግሞ በዛ እጁ እግሬን አጠበልኝ።

ረቡዕ ተመልሼ ቬሊንግቢ ሄድኩ። ሰፈሩን ለምጄዋለሁ፤ ሊፍት ውስጥም «እንደምን ዋላችሁ» ማለት አልተውኩም፣ አንዷ ራሷን ነቀነቀችልኝ። ሐሙስ ጠዋት ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ። ተስፋዬ ሲያየኝ ቡናው ከአፉ ተመለሰ።

«ማን ሞተ?»

«አንዲት ሴትዮ። ለቅሶ አድርሰኝ።»

«የት?»

«ንዳ፣ እኔ አሳይሃለሁ።»

ድልድዩን እንደተሻገርን ገባው። አልተናገረም፤ መሪውን ጨበጠ። አልቢ ደርሶ አቆመ።

«እማዬ፣ እኔ አልገባም።»

«ማን ግባ አለህ? የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ለራሴ ነው የመጣሁት።»

ወረድኩ። የደም ግፊት መድኃኒቴ ያለበትን ቦርሳ ወንበሩ ስር ገፋ አድርጌ ትቼው ነው የወረድኩት። ረስቼ እንዳይመስላችሁ።

ደረጃው ላይ የሐጎስን እናት በስሟ እየጠራሁ ለቅሶውን ጀመርኩት። «እናቴ ለተብርሃን፣ ልጅሽን ሳላጽናና የቀረሁ እኔ ነኝ» እያልኩ። ሳላያት፣ ሳላውቃት፣ እንባዬ ግን መጣ፤ ማን እንደላከው አላውቅም። በሮች ተከፈቱ። ያቺ የወረቀቷ አሮጊት ፈረንጅ በካልሲዋ ወጣች። ሐጎስ በሩን ከፍቶ አየኝና እንጨት ሆነ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ልጄ ሐጎስ፣ እርሜን ላወጣ ነው የመጣሁ። ስልኩ አጠገብ እንደነበርክ አልጠየቅኩም። ሰው እንዳይሰማኝ ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«እማማ፣ ይነሱ» አለ። አልተነሳሁም። ሁለቴ ደገመው። ከዛ እሱም ወረደና አጠገቤ ቁጭ አለ፣ ግድግዳውን ተደግፎ። እንደ ልጅ አለቀሰ። ያኔ ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኑን ሲያየው ስለነበር አላለቀሰም ነበር አለችኝ መሠረት። ፎቶዋን አመጣ፤ የእናቱን። ነጠላ ለብሳ ዶሮ አቅፋ የምትስቅ ሴትዮ ናት። ብንገናኝ እንዋደድ ነበር።

መሠረት ንፍሮ ጣደች። ጠዋት ደውዬ ስንዴ ዘፍዝፊ ብያት ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

በሩ ተከፍቶ ነው የነበረው። ተስፋዬ ቦርሳዬን ይዞ መጣ። «መድኃኒትሽን…» ብሎ ቆመ። ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ የሚቀር የኛ ልጅ የለም፤ ጉልበቱ ራሱ ይታጠፋል። ጫማው የተደረደረበት ጋ፣ በሩ ስር ተቀመጠ። መሠረት አፏን ልትከፍት ስትል በዓይኔ ያዝኳት።

«ሐጎስ» አለ ተስፋዬ፣ ወለሉን እያየ። «እኔ ቀርቼ ነበር። ያንን ስናገርም አንተ እንደምታየኝ አውቅ ነበር።»

ሌላ አልጨመረም። ስለ ማን ጀመረ፣ ስለ ማን ገደለ፣ ምንም። ሐጎስም ይቅር ብዬሃለሁ አላለም። ንፍሮውን በእፍኙ ዘገነና ወደ በሩ እጁን ዘረጋ። ያንን እጁን። ተስፋዬ በሁለት እጁ ተቀበለው።

ቆይታ መሠረት፣ «እኔም የጻፍኩልህ አለ» አለችው ወንድሟን።

«አንብቤዋለሁ» አላት።

«ሣር አድርጉበት» አልኳቸው። ተስፋዬ አልገባውም፤ መሠረት ግን ንፍሮው አንቆት ሳቀች። ያቺ የወረቀቷ ጎረቤት አንኳኳች፤ በእጇ ትንሽ አበባ ከነሸክላው ይዛ። ልብሴን ስላጠብኩ ብላ ሳይሆን፣ ሰው ሞቶ መስሏት ነው። አልተሳሳተችም።

እሁድ አርላንዳ በአንድ መኪና አደረሱኝ። ሐጎስና ተስፋዬ በየትኛው መንገድ ይሻላል ብለው ከአልቢ እስከ አውሮፕላኑ ሲከራከሩ ሄዱ፤ አውቶቡስ ነጂው የሚያውቀውን መንገድ ድንች ላጩ አያምንለትም። ታርቀዋል ወይ ብትሉኝ፣ አላውቅም። ፖለቲካው እዛው ነው። ተስፋዬ ነገ ስልኩን እንደገና ፊቱ ላይ ይደግን ይሆናል። ግን ከሁለቱ አንዱ ሰው ቢሞትበት ሌላው በሩን ያውቀዋል።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ አቶ ሙሉጌታ። ያ የለቅሶ መዝገብ ያለህ፣ ማን ደረሰ ማን ቀረ የምትጽፍበት። ወይዘሮ ለተብርሃን የእድራችን አባል አይደለችም፤ አውቃለሁ፣ ደንቡን አትጥቀስብኝ። ስሟን ጻፍልኝ። ከሥሩ የኔን ስም አድርግና «ቀርታ ነበር» በል። እህቴም ትስማው፣ ሁሉም ይስማው፤ ጮክ ብለህ አንብበው።